የአበባ ተክሎችን በቲሹ ካልቸር ማባዛት፦ ከእናት ተክል እስከ ማላመጃ ቤት

ቲሹ ካልቸር ለመጀመር የሚያስብ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ሆርሞን ነው፤ «የትኛውን፣ ስንት ሚሊ ግራም?» ይላል። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ተክል በብዛት የሚያልቀው በሌላ ቦታ ነው። አንደኛው ቁራጩ ወደ ጠርሙስ ሲገባ ነው፤ ሻጋታና ባክቴሪያ አብረውት ከገቡ ሥራው ሳይጀመር ያበቃል። ሁለተኛው ችግኙ ከጠርሙስ ሲወጣ ነው፤ ለወራት የተደከመበት ለምለም ተክል በአንድ ከሰዓት በኋላ ጠውልጎ ይቀራል። በመካከል ያለው የማባዛት ሥራ ተደጋጋሚ ነው፤ እጅ ሲለምደው ይቀላል። ስለዚህ በዚህ መመሪያ መግቢያውና መውጫው ላይ ረዘም ላለ ጊዜ እንቆያለን።

ሐሳቡ ራሱ ውስብስብ አይደለም። ከጤናማ ተክል ትንሽ ቁራጭ ይወሰድና ከተሕዋስያን ይጸዳል። ከዚያ ስኳር፣ ማዕድንና ቫይታሚን ባለበት፣ ሌላ ሕይወት ያለው ነገር በሌለበት ጠርሙስ ውስጥ ይቀመጣል። ሲያድግ ይቆራረጣል፤ ቁርጥራጮቹም እንደገና ያድጋሉ። የኦስትሪያው የዕፅዋት ተመራማሪ ጎትሊብ ሃበርላንት የተክል ሕዋስ ከአካሉ ተለይቶ ሊያድግ እንደሚችል እ.ኤ.አ. በ1902 ሲጽፍ በሙከራው አልተሳካለትም ነበር። ዛሬ ኦርኪድና ጀርቤራን የመሳሰሉ አበቦች በብዛት የሚባዙት እርሱ ባሰበው መንገድ ነው።

ለመማሪያ የመረጥኩት ክሪሳንተመምን ነው። ቶሎ ያድጋል፣ በቀላሉ ሥር ያወጣል፣ የጀማሪን እጅም ይታገሣል። የሌሎቹን አበቦች ልዩ ጠባይ ኋላ ላይ እናያለን።

ቦታውና ዕቃው

ሦስት ቦታ ያስፈልጋል፦ ምግቡ የሚዘጋጅበት፣ ቁራጮቹ ወደ ጠርሙስ የሚገቡበት እና ጠርሙሶቹ ተደርድረው የሚያድጉበት። ሦስት ክፍል ባይገኝ እንኳ የመካከለኛው ለብቻው ይሁን፤ በሩ የሚዘጋ፣ ነፋስ የማይገባበት፣ አፈርም ሆነ በማሰሮ የተተከለ ተክል ፈጽሞ የማይደርስበት። ከችግኝ ቤት የመጣ ሰው ጫማውን ሳይቀይርና እጁን ሳይታጠብ ወደዚህ ክፍል አይግባ።

ከዕቃዎቹ ውስጥ ዋናዎቹ ሚዛን፣ የፒኤች (የአሲድነት መጠን) መለኪያ፣ ኦቶክሌቭ (በእንፋሎት ግፊት ተሕዋስያንን የሚገድል ዕቃ)፣ ሙቀት የሚችሉ ክዳን ያላቸው ጠርሙሶች፣ ረጅም ወረንጦ፣ ምላጭና መያዣው፣ መብራት የተገጠመለት መደርደሪያ እና ላሚናር ፍሎው ናቸው። ላሚናር ፍሎው አየርን በማጣሪያ አሳልፎ በዝግታና በእኩል ፍጥነት ወደ ሠራተኛው የሚያፈስ ጠረጴዛ ነው፤ ጥሩ ማጣሪያ 0.3 ማይክሮን ከሚያህሉ ብናኞች 99.97 በመቶውን ያስቀራል። ገንዘብ ካጠረዎት በሌላው ላይ ይቆጥቡ። የማርማላታ ጠርሙስ ያገለግላል፤ ለጥቂት ጠርሙስ ደግሞ በእንፋሎት ግፊት የሚያበስል ድስት የኦቶክሌቭን ሥራ ይሠራል። የአየር ማጣሪያው ላይ ግን አይቆጥቡ፤ የቀረው ድካም ሁሉ የሚያርፈው በእርሱ ላይ ነው።

እናት ተክሉን ማዘጋጀት

ከአንድ እናት አንድ ሺህ ችግኝ ሲወጣ የእናቲቱም ጉድለት አንድ ሺህ ጊዜ ይባዛል። ስለዚህ ሲያብብ በዐይንዎ ያላዩትን ተክል አያባዙ። የአበባውን ቀለምና ስፋት፣ የግንዱን ርዝመት፣ ያበበበትን ቀን ይመዝግቡ፤ ፎቶውንም አንስተው ያስቀምጡ። ይህ መዝገብ በሥራው መጨረሻ ይፈለጋል።

ሁለት ነገሮችን አስቀድመው ያረጋግጡ። የመጀመሪያው ባለቤትነት ነው። የአዳዲስ የተክል ዝርያዎችን መብት የሚያስጠብቀው ዓለም አቀፍ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1961 የጸደቀ ሲሆን፣ ብዙ የንግድ አበቦች በዚህ ዓይነት ሕግ የተጠበቁ ናቸው። የተጠበቀ ዝርያን ለሽያጭ ለማባዛት የአዳቃዩ ፈቃድ ያስፈልጋል። ሁለተኛው ቫይረስ ነው። ቅጠሉ በቢጫና አረንጓዴ የተዥጎረጎረ፣ የተጨማደደ ወይም ያለምክንያት የቀጨጨ ተክል ወደ ላብራቶሪ አይግባ፤ ቫይረስ በሕዋሱ ውስጥ ስላለ በምንም ዓይነት እጥበት አይለቅም። መፍትሔው የእድገት ጫፉን ብቻ፣ ከ0.2 እስከ 0.5 ሚሊ ሜትር የምታህለውን፣ በማይክሮስኮፕ ሥር ቆርጦ ማሳደግ ነው። ፈረንሳውያኑ ጆርጅ ሞሬል እና ክሎድ ማርታን እ.ኤ.አ. በ1952 በቫይረስ ከተያዘ ዳሊያ ንጹሕ ተክል ያወጡት በዚህ ዘዴ ነው። ይህ የሠለጠነ እጅ የሚጠይቅ ሥራ በመሆኑ ጀማሪ ጤናማ እናት ቢፈልግ ይሻለዋል።

የተመረጠውን ተክል ቁራጭ ከመውሰድዎ በፊት ከ3 እስከ 4 ሳምንት ጣሪያ ባለው ቦታ ያቆዩት። ውሃውን ከሥሩ ብቻ ያጠጡ፤ ቅጠሉ አይርጠብ። የፀረ ፈንገስ መድኃኒት በመመሪያው መሠረት ይርጩበት። ይህን ደረጃ የሚዘል ሰው ብዙ ነው፤ ምክንያቱም በእነዚያ ሳምንታት ምንም የተሠራ አይመስልም። ነገር ግን ዝናብ የመታው ተክልና ሳምንታትን በደረቅ ቦታ የቆየ ተክል በጠርሙስ ውስጥ የሚያሳዩት ልዩነት እጅግ ሰፊ ነው። ደረቁ ተክል ግማሹን የማጽዳት ሥራ አስቀድሞ ጨርሶልዎታል።

ምግቡን ማዘጋጀት

በላብራቶሪ ሚዲያ የሚባለው ይህ ምግብ ነው። በብዛት የሚሠራበት ቶሺዮ ሙራሺጌ እና ፎልኬ ስኩግ እ.ኤ.አ. በ1962 ለትምባሆ ያወጡት ቀመር ሲሆን በስማቸው መነሻ ፊደላት ኤምኤስ ይባላል። ማዕድኑና ቫይታሚኑ ተቀምሞ በዱቄት መልክ ይሸጣል፤ ጀማሪ እያንዳንዱን ጨው ለየብቻ ከመመዘን ይህን ቢጠቀም ስሕተቱ ይቀንስለታል። ለአንድ ሊትር አሠራሩ ይህ ነው፦

1. በ800 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውሃ ውስጥ በማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ያህል ዱቄት ያሟሙ፤ ቫይታሚን ያለበት ዱቄት አብዛኛውን ጊዜ ወደ 4.4 ግራም ነው። ከዚያ 30 ግራም ስኳር ይጨምሩ። ንጹሕ ነጭ የገበታ ስኳር ለመማሪያ ይበቃል።

2. ሆርሞን የሚጨመር ከሆነ አሁን ይጨምሩና ውሃውን አንድ ሊትር ይሙሉ።

3. ፒኤቹን 5.8 ላይ ያድርሱ። ዝቅ ካለ በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ፣ ከፍ ካለ በሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጠብታ በጠብታ ያስተካክሉ።

4. ከ7 እስከ 8 ግራም አጋር (ምግቡን የሚያረጋ ዱቄት) ጨምረው እያማሰሉ ያሙቁ። ድፍርሱ ጠፍቶ ጥርት ሲል ቀልጧል ማለት ነው።

5. በየጠርሙሱ 30 ሚሊ ሊትር ገደማ ቀድተው ይክደኑና በኦቶክሌቭ በ121 ዲግሪ ሴልሺየስ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይቀቅሉ። ሰዓቱ የሚቆጠረው መለኪያው 121 ላይ ከደረሰ በኋላ ነው። ግፊቱ ወደ ዜሮ ሳይወርድ ክዳኑን መክፈት ከባድ ቃጠሎ ያስከትላል።

የፒኤቹ ነገር እንደ ትንሽ ነገር አይታይ። ከ5 በታች ከወረደ አጋሩ አይረጋም፤ ቁራጩ በውስጡ ሰምጦ ይታፈናል። ከ6 በላይ ከሆነ ደግሞ ምግቡ ይጠነክራል፣ ተክሉም ብረት ማግኘት ይቸግረዋል።

የተዘጋጀውን ሚዲያ በዚያው ቀን አይጠቀሙበት። ከ3 እስከ 5 ቀን በመደርደሪያ ላይ ይቆይ። በደንብ ያልተቀቀለ ከሆነ በእነዚህ ቀናት ሻጋታው ራሱን ያሳያል፤ ባዶ ጠርሙስ መጣል ተክል ያለበትን ከመጣል ይሻላል።

አሁን ወደ ሆርሞኑ እንምጣ። ስኩግ እና ካርሎስ ሚለር እ.ኤ.አ. በ1957 ያሳዩት ነገር እስካሁን ይሠራል፦ ዋናው የሁለቱ ሆርሞኖች፣ የሳይቶካይኒንና የኦክሲን፣ ምጣኔ ነው። ሳይቶካይኒን ሲያይል ቡቃያ ይበዛል፤ ኦክሲን ሲያይል ሥር ይወጣል፤ ሁለቱ ሲቀራረቡ ካለስ የሚባል ቅርጽ የሌለው የሕዋስ ክምችት ይፈጠራል። በብዛት የሚሠራባቸው ሳይቶካይኒን ቢኤፒ፣ ኦክሲኖቹ ደግሞ ኤንኤኤ እና አይቢኤ ናቸው። ሚሊ ግራም በየጊዜው መመዘን ስለሚያስቸግር አስቀድመው ጥንስስ ያዘጋጁ፦ 100 ሚሊ ግራም ቢኤፒ በጥቂት ጠብታ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ አሟምተው በተጣራ ውሃ 100 ሚሊ ሊትር ይሙሉት። ከዚህ 1 ሚሊ ሊትር ወደ አንድ ሊትር ሚዲያ ሲገባ በሊትር 1 ሚሊ ግራም ይሆናል። ስሙንና ቀኑን ጽፈው በማቀዝቀዣ ያስቀምጡ።

ክሪሳንተመምን ለሚጀምር ሰው ግን ያለ ሆርሞን እንዲጀምር እመክራለሁ። የቅጠሉ ብብት ላይ ያለችው የቡቃያ ዐይን በኤምኤስ ብቻ ትነሣለች። በዚህም ላይ ከነባር ዐይን የበቀለ ተክል ከካለስ ከበቀለው ይልቅ እናቱን የመምሰል ዕድሉ የላቀ ነው።

መግቢያው፦ ማጽዳት

ከእናት ተክሉ ገና ያልጠነከረ፣ ከ5 እስከ 6 አንጓ ያለው ቀንበጥ ይቁረጡ። ቅጠሎቹን ከሥራቸው ጥቂት ሚሊ ሜትር አስቀርተው ይከርክሙ፤ ዐይኗን እንዳይነኩ ይጠንቀቁ። ቀንበጡን ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር አድርገው ይቆራርጡና በተወሰነ ፈሳሽ ሳሙና አጥበው ለ30 ደቂቃ በሚፈስ ውሃ ሥር ያቆዩት። አፈሩና አቧራው የሚለቀው እዚህ ነው፤ በረኪና ቆሻሻ ላይ ሲያርፍ ኃይሉን በቆሻሻው ላይ ይጨርሳል።

የሚቀጥለው ሁሉ በላሚናር ፍሎው ውስጥ ይሠራል። ማሽኑን ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ቀድመው ያስነሱ፤ አልትራቫዮሌት መብራት ካለው እርስዎ ከመቀመጥዎ በፊት ያጥፉት፤ ዐይንና ቆዳ ይጎዳል። ጠረጴዛውን በ70 በመቶ አልኮል ይወልውሉ። ብዙዎች 96 በመቶው የበለጠ የሚገድል ይመስላቸዋል፤ ነገር ግን አልኮል ተሕዋስያንን ለመግደል የተወሰነ ውሃ ይፈልጋል፤ 70 በመቶው ቀስ ብሎ ስለሚተንም ሥራውን ይጨርሳል።

1. ቁራጮቹን በ70 በመቶ አልኮል ለ30 ሰከንድ ይንከሩ። ከአንድ ደቂቃ ከበለጠ ለጋው ቀንበጥ ይቃጠላል።

2. አልኮሉን አፍስሰው በኦቶክሌቭ በተቀቀለ የተጣራ ውሃ አንድ ጊዜ ያለቅልቁ። አልኮልና በረኪና መቀላቀል የለባቸውም።

3. 5 በመቶ ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ያለውን በረኪና አንድ እጅ፣ ውሃ አራት እጅ ያዋህዱ፤ 1 በመቶ ይሆናል። ትዊን 20 ወይም የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ሁለት ጠብታ ይጨምሩበት፤ ፈሳሹ በቅጠሉ ፀጉር መካከል እንዲገባ ይረዳል። ለ10 ደቂቃ እየነቀነቁ ያቆዩ።

4. በተቀቀለ የተጣራ ውሃ ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜው 5 ደቂቃ እያቆዩ ያለቅልቁ።

በረኪናው ቆይቶ የተከፈተ ወይም ፀሐይ ያገኘው ከሆነ ኃይሉ ደክሟልና አዲስ ይክፈቱ። ጊዜውንም ተክሉ ይወስነዋል፤ እንጨት እየሆነ ያለ የጽጌረዳ ቀንበጥ 15 ደቂቃ ይችላል፣ ለስላሳው ግን አይችልም። ቁራጮቹ ሁሉ ነጥተው ከሞቱ ጊዜውን ይቀንሱ፤ ሁሉም ከሻገቱ ይጨምሩ።

ከዚያ ወረንጦውንና ምላጩን በ96 በመቶ አልኮል ነክረው በእሳት ያሳልፉ፤ እስኪቀዘቅዙም ይጠብቁ። የጋለ ብረት ወደ አልኮሉ ዕቃ አይመለስ፤ በዚህ ሥራ እሳት የሚነሣው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ መንገድ ነው። ጓንትዎ ላይ የረጩት አልኮል ሳይደርቅም ወደ ነበልባል አይቅረቡ። ቁራጩን በተቀቀለ ወረቀት ላይ አስቀምጠው በረኪና የነካውን ሁለቱንም ጫፍ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ይቁረጡ። የሚቀረው አንድ አንጓ ያለው፣ 1 ሴንቲ ሜትር የሚያህል ግንድ ነው። የላዩን ከታች አድርገው እንዳይተክሉት ልብ ይበሉ። የታችኛው ጫፍ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ይግባ፤ ዐይኗ ግን ከምግቡ በላይ ትሁን። በዚህ የመጀመሪያ ዙር በአንድ ጠርሙስ አንድ ቁራጭ ብቻ ያስገቡ፤ አንዱ ቢበከል ሌላውን አይጎዳም።

ክዳን ሲከፍቱ እጅዎ በማጣሪያውና በተከፈተው ጠርሙስ መካከል አይግባ። አየሩ እጅዎን ነክቶ ወደ ጠርሙሱ ከፈሰሰ ማጣሪያው ምንም አልሠራም። ከጠረጴዛው ጠርዝ ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ገብተው ይሥሩ፤ በሥራ ላይም አይነጋገሩ። በእያንዳንዱ ጠርሙስ ላይ የዝርያውን ስም፣ የመስመሩን ቁጥር (መስመር ማለት ከአንድ የመጀመሪያ ቁራጭ የወጡት ሁሉ ናቸው)፣ የሚዲያውን መለያ፣ ቀኑን፣ ስንተኛ ዙር እንደሆነ እና የሠራተኛውን ምልክት ይጻፉ።

ሻጋታውን ማንበብ

የተበከለ ጠርሙስ ያሳዝናል፤ ሆኖም በመጣያው ከመክተትዎ በፊት ወደ ብርሃን አቅርበው ይዩት። ብክለቱ የጀመረበት ቦታ ከየት እንደመጣ ይናገራል።

ከ3 እስከ 7 ቀን ባለው ጊዜ ከቁራጩ ራሱ፣ በተለይ ከዐይኗ አካባቢ፣ ነጭ ድር የመሰለ ነገር ከተነሣ ማጽዳቱ አልበቃም። ሻጋታው ከቁራጩ ርቆ፣ በምግቡ ገጽ ላይ እንደ ክብ ነጥብ ከጀመረ ከአየር ወይም ከእጅ የወደቀ ነው፤ በረኪናውን ቢያጠነክሩት ቁራጩን ከመጉዳት በቀር አይጠቅምም። ተክል ያልገባባቸው ጠርሙሶችም ከተበላሹ ጥፋቱ የኦቶክሌቩ ነው። ከግንዱ ሥር ወተት የመሰለ ደመና በምግቡ ውስጥ ሲዘረጋ ደግሞ ባክቴሪያ ነው። ይህ አንዳንድ ጊዜ ከተክሉ አካል ውስጥ የሚወጣ በመሆኑ ከሳምንታት በኋላ፣ ሁሉም ነገር ሰላም በመሰለበት ጊዜ ይታያል። እንዲህ ያለውን መስመር «ተክሉ ጤነኛ ነው» ብለው ወደ ቀጣዩ ዙር አያሳልፉት።

አንድ ጊዜ በመደርደሪያዬ ላይ ከተደረደሩት ጠርሙሶች የመጀመሪያዎቹ ስድስቱ ንጹሕ ሆነው፣ ከሰባተኛው ጀምሮ እስከ መጨረሻው በተከታታይ ያው ወተት መሰል ደመና ታየባቸው። ጠርሙሶቹን በተሠሩበት ቅደም ተከተል ቁጥር ሰጥቼ ባልደረድር ኖሮ ምክንያቱን አላገኘውም ነበር። በሰባተኛው የነበረ ባክቴሪያ በምላጩ ተጉዞ ነበር፤ በየጠርሙሱ መካከል ምላጩን በእሳት አላሳለፍኩም። ከዚያ ቀን ወዲህ ጠርሙስ ሳይቆጠር አላስቀምጥም፤ በአንድ ምላጭም ሁለት ጠርሙስ ሳልተኩስ አልነካም።

የተበከለውን ጠርሙስ ሳይከፍቱ በኦቶክሌቭ ከቀቀሉ በኋላ ያጠቡት። ክዳኑን በማደጊያው ክፍል ውስጥ መክፈት ብናኙን ለሁሉም ማዳረስ ነው።

ማብዛት

የማደጊያው ክፍል 25 ዲግሪ ገደማ ይሁን፤ ብርሃን 16 ሰዓት፣ ጨለማ 8 ሰዓት። ከ2000 እስከ 3000 ሉክስ የሚሰጥ ነጭ መብራት ይበቃል። በ4 ሳምንት ውስጥ ከአንድ ዐይን 4 ወይም 5 አንጓ ያለው ቀንበጥ ይቆማል። ያንን በየአንጓው ቆርጠው ወደ አዲስ ምግብ ያሻግሩ። አሁን ንጹሕነቱ ስለታወቀ በአንድ ጠርሙስ ከ4 እስከ 6 ቁራጭ ማስገባት ይቻላል።

ስሌቱ ልብ ያሞቃል። 10 ንጹሕ ቁራጭ በየ4 ሳምንቱ በሦስት ቢባዛ በስድስት ዙር 7290 ይሆናል። ነገር ግን ከዚህ ላይ የሚበከለውንና ደካማውን ይቀንሱ፤ ደግሞም በአንድ ቀን ስንት ጠርሙስ ለመሥራት እንደሚችሉ ይቁጠሩ። ከእጅዎ አቅም በላይ የበዛ ቁራጭ በአሮጌ ምግብ ላይ ቢጫ እየሆነ ያልቃል።

ጥድፊያ ያለበት ሰው 1 ሚሊ ግራም ቢኤፒ ከ0.1 ሚሊ ግራም ኤንኤኤ ጋር በሊትር ይጨምራል፤ ከአንድ ቁራጭ የቡቃያ ቁጥቋጦ ይወጣል። ይሠራል፤ ነገር ግን ሆርሞኑ በበዛና ዙሩ በተራዘመ ቁጥር ቀለሙ ወይም ቅርጹ የተለወጠ ተክል መውጣቱ ይጨምራል። በእኔ አሠራር ከአንድ መነሻ ከ8 ዙር በላይ አልሄድም፤ ከእናት ተክሉ እንደገና እጀምራለሁ።

በዚህ ደረጃ ሁለት ችግሮች ይጠብቁዎታል። የመጀመሪያው መስታወት መሰል ቅጠል ነው፤ ቅጠሉ ይወፍራል፣ ውሃ የቋጠረ ይመስላል፣ ሲይዙት ይሰበራል። በካርኔሽን ላይ ይበዛል። ሳይቶካይኒኑን ይቀንሱ፣ አጋሩን በአንድ ግራም ይጨምሩ፣ አየር የሚያሳልፍ ክዳን ይጠቀሙ። ሁለተኛው ቁራጩ ቡናማ ፈሳሽ አውጥቶ ምግቡን ማጥቆሩ ነው። በየሁለትና ሦስት ቀኑ ወደ አዲስ ምግብ ማሻገር፣ የመጀመሪያውን ሳምንት በጨለማ ማቆየት፣ በሊትር 100 ሚሊ ግራም አስኮርቢክ አሲድ ወይም ከ1 እስከ 2 ግራም ለላብራቶሪ የተዘጋጀ የከሰል ዱቄት መጨመር ይረዳል። ከሰሉ ሆርሞኑንም እንደሚመጥ አይዘንጉ።

የሌሎቹ አበቦች ጠባይ

ጽጌረዳ በአንጓ ይባዛል፤ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ግራም ቢኤፒ ይፈልጋል። በኤምኤስ ላይ ቅጠሉ ቢጫ የመሆን ልማድ አለው፤ የብረቱን ዓይነት ኢዲዲኤችኤ በሚባለው መቀየር ብዙ ጊዜ አረንጓዴውን ይመልሳል። የጀርቤራ የእድገት ጫፍ አፈር ለአፈር ስለሚኖር ለማጽዳት እጅግ ያስቸግራል፤ ገና ያልተከፈተ ትንሽ የአበባ ራስ መጠቀም ይቀላል። ሊሊ ከሽንኩርቱ ቅርፊት ይጀመራል፤ የሚወጡት ትንንሽ ሽንኩርቶች ግን ከመተከላቸው በፊት በ4 ዲግሪ ሳምንታትን መቆየት አለባቸው፤ አለበለዚያ አይነሡም። ፋላኖፕሲስ የሚባለው ኦርኪድ ከአበባ ዘንጉ አንጓ ይጀመራል፤ ብዙ ጥቁረት ያወጣል፣ ትዕግሥትም ይጠይቃል። የአፍሪካ ቫዮሌት ከቅጠል ቁራጭ በቀላሉ ይበቅላል፤ ባለ ሁለት ቀለም መስመር ያላቸው ዓይነቶቹ ግን ከቅጠል ሲበቅሉ መስመራቸውን ያጣሉ፤ የሁለት ዓይነት ሕዋስ ቅንብር ስለሆኑ ነው።

ሥር ማስያዝ

ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር የደረሰውን ቀንበጥ ማዕድኑ በግማሽ ወደተቀነሰ፣ ስኳሩ 20 ግራም ወደሆነ ኤምኤስ ያሻግሩ። ክሪሳንተመም ያለ ሆርሞን በሁለት ሳምንት ገደማ ሥር ያወጣል። ጽጌረዳና ሌሎች አስቸጋሪዎች ከ0.5 እስከ 1 ሚሊ ግራም አይቢኤ ያስፈልጋቸዋል። ሥሩ እስኪረዝም አይጠብቁ። 1 ሴንቲ ሜትር የሚያህል ነጭ ሥር ሲተከል ይተርፋል፤ በአጋር ውስጥ የተጠማዘዘ ረጅም ሥር ግን ሲወጣ ይሰበራል፤ ስብራቱም የመበስበሻ በር ይሆናል።

መውጫው፦ ማላመድ

የጠርሙስ ቅጠል ከውጭው ቅጠል የተለየ ነው። ሙሉ ሕይወቱን በእርጥበት ስላሳለፈ ውሃን የሚይዘው የሰም ሽፋን አልተሠራለትም፤ የቅጠሉ የአየር ቀዳዳዎችም መዘጋትን አልለመዱም። ምግቡንም ከስኳር እያገኘ ስለኖረ ከብርሃን ምግብ መሥራት ላይ ሰነፍ ነው። እንዲህ ያለውን ተክል ወደ ደረቅ አየር ማውጣት ውሃውን ሁሉ በሰዓታት ውስጥ ማስተነን ነው።

ከመውጣቱ ከአምስት ቀን ገደማ በፊት የጠርሙሱን ክዳን ላላ ያድርጉ። በመውጫው ቀን ማለዳ ወይም ወደ ማታ ይሥሩ። ጠርሙሱ ውስጥ ለብ ያለ ውሃ ጨምረው ይነቅንቁና ችግኙን በወረንጦ ከሥሩ አካባቢ ይዘው በቀስታ ያውጡ። ከሥሩ ላይ ያለውን አጋር በውሃ ውስጥ በጣትዎ ጫፍ እያሻሹ ሙሉ በሙሉ ያስለቅቁ። ስኳር ያለበት ቅሪት በአፈር ውስጥ ለፈንገስ ግብዣ ነው። ሥሩን ለጥቂት ደቂቃ በቀጭን የፀረ ፈንገስ ውህድ ነክረው፣ በእንፋሎት በጸዳና በረጠበ የኮኮፒት (የኮኮናት ቅርፊት ብናኝ) እና የፐርላይት (ቀላል ነጭ የማዕድን ጠጠር) እኩል ድብልቅ ላይ ይትከሉ። አፈሩን ጠቅጥቀው አይጫኑት፤ ውሃ ሲያጠጡ ራሱ ይይዘዋል።

ትሪውን በሚያሳይ ላስቲክ ሸፍነው ጥላ ባለበት፣ ከ22 እስከ 25 ዲግሪ በሆነ ቦታ ያስቀምጡ። በመጀመሪያው ሳምንት ከላስቲኩ በታች ያለው እርጥበት ከ90 በመቶ አይውረድ፤ በላስቲኩ የውስጥ ገጽ ላይ ሁልጊዜ ጤዛ መታየት አለበት። ቀጥተኛ ፀሐይ ለአንድ ሰዓት እንኳ ቢያርፍበት ከላስቲኩ በታች ይቀቀላል። በሁለተኛው ሳምንት ወደ ማታ ላይ ላስቲኩን ለግማሽ ሰዓት ከአንድ ጎን ያንሱ፤ በየቀኑ ጥቂት ይጨምሩ። ከጠወለገ ይመልሱት፤ በማግሥቱ ከትናንቱ ባነሰ ጊዜ እንደገና ይጀምሩ።

መቼ ሙሉ በሙሉ ይከፈት ለሚለው ጥያቄ የቀን መቁጠሪያን አልከተልም፤ የማየው አዲሱን ቅጠል ነው። ከጠርሙስ ይዟቸው የወጣቸው ቅጠሎች ስስና ፈዛዛ ናቸው፤ ብዙዎቹ አይጠነክሩም፣ አንዳንዶቹም ይረግፋሉ፤ ይህ አያስደንግጥዎ። ከመካከል የሚወጣው አዲስ ቅጠል ግን ጠቆር ያለ አረንጓዴ ነው፤ በጣት ሲነካ ሻከር ይላል፣ የክሪሳንተመም ሽታውም ይሰማል። ሁለት እንዲህ ያሉ ቅጠሎች ሲወጡ ላስቲኩ ይነሣ። ማዳበሪያም ከዚህ በፊት አይሰጥ፤ ሲጀመር ከተለመደው መጠን ሩቡን ያህል አቅጥኖ ነው። ውሃውንም ገጹ ትንሽ ደረቅ ሲል ብቻ ይስጡ፤ በዚህ ጊዜ ከጥማት ይልቅ የሥር መበስበስ ብዙ ችግኝ ይገድላል።

አበባውን ማየት

ክሪሳንተመም የሚያብበው ሌሊቱ ሲረዝም ነው። ችግኞቹ ግንድ እስኪሠሩ ድረስ ሌሊቱን ለጥቂት ሰዓት በመብራት ያቋርጡላቸው፤ አለበለዚያ ገና በአጭርነታቸው ያብባሉ።

ሁሉንም ከማከፋፈልዎ በፊት ከእያንዳንዱ መስመር ጥቂቶቹን ለይተው እስኪያብቡ ያሳድጉ። በመጀመሪያ ያነሡትን የእናቲቱን ፎቶና መዝገብ አውጥተው ቀለሙን፣ ስፋቱንና ያበበበትን ጊዜ አበባ በአበባ ያነጻጽሩ። የተለየ ካገኙ በጠርሙሱ ላይ የጻፉት የመስመርና የዙር ቁጥር ከየትኛው ቁራጭ እንደመጣ ያሳይዎታል፤ የዚያን መስመር ጠርሙሶች ሁሉ ያስወግዱና ንጹሕ ከሆነው መስመር ይቀጥሉ።